የሌሉትን የምትጠራ ልጅ

ሁለት እናቶች አሉ እንበል። አንዷ ልጇን ቀብራለች፤ የሌላዋ ልጅ በሕይወት አለች። አንድ የማውቀውን ነገር ብናገር የመጀመሪያዋን እናት ከነሐዘኗ መሬት ላይ እጥላታለሁ። ዝም ብል ደግሞ የሁለተኛይቱን ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ የማይገባት ሸክም አሸክማታለሁ። የቱ ይሻላል? ጥያቄው ሲመጣብኝ ገና ሃያዎቹን መጀመሬ ነበር። ዛሬ ያለ መነጽር አንዲት መስመር የማላነብበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ፤ መልሱን ግን አላገኘሁትም።

ዘወትር አያስጨንቀኝም። የሚመጣው በመስኮት በኩል ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ፤ ጠረጴዛዬ አጠገብ ያለው መስኮት ከግቢው ማዶ ወዳለው የሕፃናት ክፍልና ወደ ትልቁ በር ያሳያል። ዛሬ ጠዋት ሕፃናቱ ክብ ሠርተው፣ ከበሮ እየተመታላቸው፣ የእያንዳንዱን ልጅ ስም በዜማ ሲጠሩ ሰማሁ። ትንሽ ቆይታ መምህራቸው ፊቷ በደስታ በርቶ መጣች። ከሥልጠና የተመለሰችው በዚህ ዓመት መጀመሪያ ነው።

«እትዬ እታፈራሁ፣ ሙዚቃ የሕፃንን አእምሮ እንዲህ ይከፍታል ብዬ አስቤ አላውቅም! ቃል ያልጀመረ ልጅ እንኳ በዜማ ይጀምራል አሉን። በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ነበር?»

«ነበር» አልኳት።

እንድቀጥልላት ቆማ ጠበቀች።

«የወሰድሽውን መጽሐፍ ዓርብ መልሺ» አልኳት። ስቃ ሄደች። ቁጥብ መሆኔን ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም አይቀየመኝም።

ነበር። እኔው ራሴ ነበርኩ የማስተምረው።

ትውልዴ ወደ ጓሳው ሣር ምድር ዳርቻ ነው። አክስቴ ከተማ አምጥታ አንደኛ ክፍል ስታስገባኝ ጡቴ ማጎጥጎጥ ጀምሮ ነበር፤ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞሬ ነበር የምጽፈው። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ገና የወተት ጥርሱ አልወለቀም። «እማማ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው ይመስለኛል ቃልን እንደዋዛ አያሳልፍም፤ ሌላው በልጅነቱ ያገኘውን እሱ በጉልምስናው ስለገዛው እያንዳንዷን ይመዝናታል። ስምንተኛን ጨርሼ ማታ ማታ መማሬን ስቀጥል በሠፈሩ አጸደ ሕፃናት ተከፈተ። ዳይሬክተሩ «አንቺ መቼም ከሕፃናት ጋር መቀመጥ ለምደሻል» ብሎ በሳቅ ቀጠረኝ። ቀልዱ አላስከፋኝም። እውነት ነበር።

ክፍላችን በድንጋይ የታነጸች፣ የጓሳ ሣር የለበሰች አንዲት ቤት ነበረች። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ አመዳይ ይወርድና ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ልጆቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ በኪሳቸው የገብስ ቆሎ ይዘው ይመጣሉ። መሬት ላይ የበግ አጎዛ አንጥፈን ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቦታ አለው፤ ቦታውን የሌላ ልጅ ቂጥ ከነካው ጦርነት ነው። እናቶች በተራ ንፍሮ ወይም ቂጣ ያመጣሉ።

በዚያ ዓመት ከአንድ የረድኤት ድርጅት የተላከች አሠልጣኝ መጣችና ለሕፃናት መምህራን ሥልጠና ሰጠችን። ዜማ ከቃል ይቀድማል አለችን። መናገር ያቃተውን ልጅ ቃል አትጠይቁት፤ ምት ስጡት፣ ስሙን በዜማ ጥሩት፣ ከዚያ ጠብቁ። «ጠብቁ» የሚለውን ቃል እንደ እሷ የሚወድ ሰው አላየሁም። ልጁ የሚሰጣችሁን ተቀበሉ እንጂ አታርሙት አለች። እያንዳንዷን ነገር ጻፍኩ። ከሥልጠናው እንደተመለስኩ የዘይት ቆርቆሮ ላይ የበግ ቆዳ አስወጥሬ ከበሮ አሠራሁ፤ መዝሙሩንም እኔው ገጠምኩት። «ሰላም ሰላም» ብለን የአንዱን ልጅ ስም እንጠራና «ዛሬም መጣህልን» እንላለን። የተጠራው ልጅ ይነሳል፣ ይሽኮረመማል፣ ይቀመጣል። ያ ነው መዝሙሩ።

እውነቱን ለመናገር ያን ሁሉ የደከምኩት ለአንዲት ልጅ ነበር። ስሟ ምትኬ ነው።

ምትኬ አምስት ዓመት ሊሆናት ነው፤ አንድም ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ደንቆሮ አይደለችም፤ ባቄላ መሬት ላይ ቢወድቅ ዞር ትላለች። እናቷ አስካለ ሙሾ አውራጅ ነበረች። በአካባቢው ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚላከው ለቄሱ ነው፤ ቀጥሎ ለአስካለ። ረጅም፣ አጥንቷ የወጣ፣ በሌላው ጊዜ የማትታይ ሴት ናት። ለቅሶ ላይ ግን አፏን ስትከፍት እንባው የደረቀ ሽማግሌ እንኳ ያለቅሳል። ልጇን ላስመዝግብ ብላ በመጣች ጊዜ የተነጋገርነውን አልረሳውም።

«ትናገራለች?» አልኳት።

«ማን አናግሯት ትናገራለች!» አለችኝ። መሬት መሬት እያየች ቀጠለች፦ «ሦስት ልጆች እሹሩሩ እያልኩ አስተኝቼ፣ ሦስቱንም በዚሁ አፌ አልቅሼ ቀበርኩ። ሰው ድምፅሽ ነው የወሰዳቸው አለኝ። እኔም አመንኩ። ይቺ ስትወለድ ምትኬ አልኳትና አፌን ያዝኩ። ቤቴ ውስጥ ድምፅ አላወጣም። ጡት ሳጠባት እንኳ ዝም ብዬ ነው።»

«ለቅሶ ስትሄጂስ ማን ይይዝልሻል?»

«ማን አለኝና? አዝያት እሄዳለሁ እንጂ። አሁን ከበደችኝ፤ ለዚህ ነው ያመጣኋት።»

ያን ለት ቤቴ ገብቼ ብዙ አሰብኩ። ልጅቷ በቤት ውስጥ ዝምታ፣ ከቤት ውጪ ሙሾ ሰምታ ነው ያደገችው። ሌላው ልጅ በእናቱ ጉያ ሆኖ የሚሰማውን ዜማ እሷ የሰማችው በእናቷ ጀርባ ላይ፣ በሚያለቅስ ሰው መካከል ነው። ከዚያ ሌላ ዜማ አታውቅም።

መጀመሪያ ከበሮው ሲመታ ትደነግጥ ነበር። ኋላ ቀስ እያለች ቀረበችና መዳፏን ቆዳው ላይ አሳርፋ ስመታ ንዝረቱን ታዳምጥ ጀመር። ጠበቅሁ። ሌሎቹ ሲዘምሩ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ጀመር። አሁንም ጠበቅሁ። በዚህ መሐል ሁዳዴ ገባ።

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የአንዱ ልጅ አባት በራችን ላይ ቆመ። «ቤተ ክርስቲያኑ ከበሮውን ሰቅሏል፤ እናንተ ግን ትደልቃላችሁ!» አለ። «ከደብተራዎቹ በልጣችሁ ነው? ወይስ እዚህ ቤት ፋሲካው ቀድሞ ገብቷል?» ዳይሬክተሩ ይቅርታ ጠየቀና ከበሮው መደርደሪያ ላይ ወጣ። እኔም ልጆቹን «እንግዲህ እስከ ፋሲካ በመዳፋችን እንመታለን» አልኳቸው። ሁሉም ጭናቸውን መቱ። ምትኬ ግን ቀኝ እጇን አነሳችና ደረቷን መታች።

አየኋት። ምቱን አንድም ጊዜ አልሳተችም። ሰው ለቅሶ ላይ ደረቱን የሚመታው እንዲያ መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ግን ልጁ የሚሰጣችሁን ተቀበሉ ተብለናል፣ ልጅቷም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ነገር እየሠራች ነው። ወደ እኔ ቀና ባለች ቁጥር በርቺ እንደማለት ጭንቅላቴን እነቀንቅላት ነበር። ከሷ ጋር የነበረን ቋንቋ ይኸው ነው፤ እሷ ታያለች፣ እኔ እነቀንቃለሁ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ መጣ።

በልግ ጀምሮ ያካፋ ነበር። ሁለት እናቶች ተራቸው ደርሶ ንፍሮ ይዘው በሩ ጋ ቆመዋል፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ክቡ ላይ ሁለት ቦታ ባዶ ነው። አንዱ እታገኝ የምትባለው የቅባት ነጋዴ ልጅ ቦታ ነው፤ አያቷን ልትጠይቅ ገጠር ሄዳለች። ሌላው የግርማ ነው። ግርማ የሱፍ ፈታይዋ የእትዬ ጥሩነሽ የመጨረሻ ልጅ፣ አፉ የማያርፍ፣ የእናቱን ሱፍ አፍንጫው ሥር ለጥፎ «እኔ ሼሁ ነኝ፣ እኔ ቄሱ ነኝ» እያለ የሚያስቀን ልጅ ነበር። ካየነው ሳምንት አልፎታል። ልጆቹ የመጡትን እየጠሩ ባዶውን ቦታ ሲደርሱ ዘለሉት። መዝሙሩ የመጣ ልጅ መዝሙር ነውና።

ምትኬ እጇን ደረቷ ላይ አቆመች። ባዶውን አጎዛ አየችው። ከዚያ በጠራ፣ ከእናቷ በወረሰችው ድምፅ፦

«ግርማ… ወዴት ነህ…»

አለች። ዜማው የሙሾ ነው፤ ምንም ጥርጥር የለውም። እናቷ ሟቹን በስሙ ጠርታ የምትጠይቀው እንዲያ ነው። ምትኬ ወደ ሌላው ባዶ ቦታ ዞረችና «እታገኝ… ወዴት ነሽ…» አለች። ከዚያ ወደ እኔ አየች።

እኔ ዓይኔ እንባ ሞልቷል። የነቀነቅሁት አንድ ጊዜ አይደለም። ልጅቷ ተናገረች! ያውም በቀቀን እንደሚደግም አልደገመችም፤ አስባ ተናገረች። እኛ የመጣውን ስንጠራ እሷ ያልመጣውን ጠራች። እናቷ ስም የምትጠራው ላጡት ሰው መሆኑን ከዚያ ጀርባ ላይ ሆና አጥንታለች፤ የጓደኞቿ ቦታ ባዶ ሲሆን ያንኑ አደረገች። አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ጎደሉብን ማለቷ ነበር።

በሩ ጋ የነበሩት ሴቶች የሰሙት ግን ሌላ ነው። አንደኛዋ አማተበች። ሌላዋ የንፍሮውን ሳህን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ አንድ ቃል ሳትናገር፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ወደ እትዬ ጥሩነሽ ቤት ሄድኩ። ልጅ ሲቀር ቤቱ ሄዶ መጠየቅ ልማዴ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች፤ እንዝርቷ በእጇ ነው።

«ግርማ ደህና ነው ወይ እትዬ? ካየነው ሰነበተ።»

«አያቱ ጋ ሄዷል። ገጠር።»

ከኋላዋ እንደ መጋረጃ የተዘረጋ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባና፣ አለ። ከባናው ጀርባ አንድ ልጅ ሳለ። ሁለታችንም ሰማን። ዓይኔን አይታ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችኝና በሩን ዘጋችው። የኩበት ጭስ ቤቱን ሞልቶታል፤ መስኮቱ በጨርቅ ተደፍኗል።

«ኩፍኝ ነው» አለች በሹክሹክታ። «እሰይ ወጥቶለታል፤ ፊቱ ላይ ወጥቶለታል። ብርሃንና መርፌ ካላገኘው ይሽርለታል። ታላቁን ለመርፌ ሰጥቼ፣ ወደ ውስጥ ገብቶበት ነው ያጣሁት። አሁን አልሰጥም።»

ባናውን ገልጬ አየሁት። ሆዱ ከጎኑ ጋር እየተጣበቀ ነው የሚተነፍሰው። ሲያየኝ «ቲቸር» ለማለት ሞክሮ ሳል ቀደመው።

«እትዬ፣ ይሄ ኩፍኝ ብቻ አይደለም፤ ትንፋሹን አትሰሚም ወይ? አሁን ተሸክመነው እንሂድ። መርፌ አይውጉት እላቸዋለሁ።»

«በዚህ ካፊያ? ንፋስ ሊገባበት?» እጄን አልለቀቀችም። «እሺ፣ ነገ ይሁን። ነገ ፀሐይ ስትወጣ። አደራሽን ግን! እኔና አንቺ ብቻ። ታሞ ደበቀችው እንዳልባል።»

«ነገ በጠዋት እመጣለሁ» አልኳት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነጠላዬን እየደረብኩ ሳለ ከእትዬ ጥሩነሽ ቤት ጩኸቱ ተሰማ።

ለቀብሩ አስካለ ተጠራች። የክፍላችንን ወሬ ማንም አልነገራትም፤ ልጇን በእጇ ይዛ መጣች። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ፊት ለፊት፣ ጭቃው ላይ፣ ሴቶቹ ክብ ሠሩ። ክቡ ያው እኛ ክፍል ውስጥ እንደምንሠራው ነው፤ ይህ ያን ጊዜ ነው የታየኝ። አስካለ መሐል ገባች፣ መቀነቷን አጠበቀችና ጀመረች፦

«እናትህ ፈትላ በርኖስህ ተሠራ፣
ተነስና ልበስ፣ ግርማዬ አትኩራ።»

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። አስካለ ቀና ብላ «ግርማ… ወዴት ነህ…» አለች።

ምትኬ ያን ስትሰማ ፊቷ በራ። መዝሙሯን ነው የሰማችው። ከእናቷ ቀሚስ ወጥታ ክቡ ውስጥ ቆመችና፣ ደረቷን በትንሿ መዳፏ እየመታች፣ ከእናቷ እኩል፣ ጥርት አድርጋ «ግርማ… ወዴት ነህ…» አለች። እናቷ በድንጋጤ አቆመች። አምስት ዓመት የጠበቀችውን የልጇን ድምፅ ያን ጊዜ ነው የሰማችው፤ ለቅሶ ላይ። ልጅቷ ግን እየፈለገች የነበረው እኔን ነው። አገኘችኝ። ዓይኖቿን ከፍ አድርጋ የምታውቀውን ነገር ጠበቀች።

አልነቀነቅኩም። አላቀረቀርኩምም። እንጨት ሆኜ ቆምኩ።

«ይቺ ናት!» አለች እትዬ ጥሩነሽ ከመሬት እየተነሳች። «ማክሰኞ ዕለት ልጄን በቁሙ ያለቀሰችው ይቺ ናት! እነ እንትና ሰምተዋል! ጠርታ ወሰደችው!»

ንፍሮ ያመጡት ሁለቱ ሴቶች «አዎ፣ በጆሯችን» አሉ። ሕዝቡ ወደ ኋላ ሸሸ። አስካለ ዘላ የልጇን አፍ በመዳፏ ከደነችው። ቁጣ አልነበረበትም፤ የሚነድ ነገር ሰው እንደሚከድን ነው የከደነችው። አዝላት ስትወጣ ማንም መንገድ አልከለከላትም፣ ማንም አላስቀራትምም። ለቅሶው ያለ አልቃሽ ቀረ።

እትዬ ጥሩነሽ ከሰው መሐል እኔን አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያለውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ውሸት አልነበረም። ልጇን የገደለው የተደፈነው መስኮት አይደለም የሚላት ሌላ ምክንያት አግኝታለች፤ ያን ብነጥቃት በዚያች ሰዓት የምትጨብጠው ነገር የለም። እጇ ግን አሁንም እጄ ላይ ያለ መሰለኝ።

እታገኝ በሳምንቱ ከአያቷ ቤት ተመለሰች፤ ጉንጯ በዳቦ ተወጥሮ። እሷም ተጠርታ ነበር። ይህን ነገር ያነሳ ሰው አልነበረም።

አስካለ ዕቃዋን ስትጠቀልል ቤቷ ሄድኩ። ምትኬ ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

«እትዬ አስካለ፣ ልጅሽ እኮ ተናገረች» አልኳት። «ስም ጠርታ፣ አስባ ተናገረች። አሁን ብትተያት ትመለሳለች፤ በርትተን ብንይዛት ግን…»

«ምን ብላ ነው የተናገረችው? ወዴት ነህ ብላ? እሱ የሷ አይደለም፤ የኔ አፍ ነው።» የመኝታ ቁርበቷን መጠቅለል አቆመች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ የተማርሽ ነሽ። ልጁ ቀድሞ ታሞ ነበር እንዴ?»

ያ ነው ጥያቄው። የእትዬ ጥሩነሽ አደራ አፌን ያዘው። ካፊያው ሣሩ ላይ ሲወርድ ይሰማ ነበር። መልሴን ጠበቀች፤ እኔ ልጇን እንደምጠብቃት ጠበቀችኝ። ከዚያ ቢላዋውን አንስታ ገመዱን ቆረጠችና «እሺ» አለች።

ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ዘመዶቿ ሄዱ። አውቶቡሱ ሲነሳ ምትኬ በመስኮቱ በኩል ትታየኝ ነበር፤ እጇ ከጉልበቷ ወደ ደረቷ ተነሳ። እናቷ ሁለቱንም እጆች ይዛ ወደ ታች አወረደቻቸው።

እኛም መዝሙሩን ተውነው። የወላጅ ኮሚቴው ጠየቀ፣ ዳይሬክተሩ ወሰነ። ልጆቹ ፊደል ብቻ መቁጠር ጀመሩ። ከበሮው መደርደሪያው ላይ ቆይቶ አይጥ በላው። እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ፣ ከሕፃናቱ ክፍል ወጥቼ ወደ መጻሕፍት ገባሁ።

እትዬ ጥሩነሽ አለች። አርጅታለች። በየቀኑ የትምህርት ቤታችን ትልቁ በር ላይ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትላለች፣ የፈተለችውን ትሸጣለች። ሕፃናቱ ሲዘምሩ እንዝርቷን ታቆማለች። ያን ነገር አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። ግን በየፋሲካው አንድ ልቃቂት ሱፍ ታመጣልኛለች፤ «ለብርድሽ» ትለኛለች። ሳጥኔ ሞልቷል። አንዱንም አልሠራሁበትም፤ ለሌላ ሰውም አልሰጠሁም።

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን አዝላ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆመች። አቧራ የለበሰች መንገደኛ ነች። ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ነው የመጣሁት አለች፤ ድምፅዋ ብዙ እንደማይከፈት በር ሲጥጥ ይላል።

«ቲቸር እታፈራሁ እርስዎ ነዎት?»

ከቁመቷ አወቅኋት። አጥንቷ የእናቷ ነው።

«ምትኬ» አልኳት።

ቁጭ አለች። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈችው። እናቷ በኅዳር መሞቷን ነገረችኝ። «ለቅሶዋ ላይ የሚያወርድ ጠፋ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። አፌ አልከፈት አለኝ።» ሕፃኑ ተነጫነጨ፤ አንድም ድምፅ ሳታወጣ አወዛወዘችው። ዓይኖቹ እሷ ላይ ተተክለው ነበር፤ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ። «ልጅ ሆኜ ሰው ጠርቼ እንደገደልኩ ሰዎች ነገሩኝ። እናቴን ጠይቄያት መልስ አልሰጠችኝም። ይኸው ስድስት ወሩ ነው፤ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። አንተ ነው የምለው። እውነት እኔ ነኝ ወይ?»

በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ። እትዬ ጥሩነሽ እንደወትሮዋ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ተናገርኩ። ስለ አጎዛው፣ ስለ ሁለቱ ባዶ ቦታዎች፣ ዳቦ እየበላች ስለተመለሰችው እታገኝ፣ ስለ ባናውና ስለ ሳሉ፣ «ነገ» ስለተባባልንበት ነገር። ሳላስረዝም፣ ሳልጨምር ነገርኳት።

«አንቺ የጠራሽው ስለሌለ ነው» አልኳት። «የጠራሽው ታሞ ቀርቶ ሳለ ነው። የጎደለብንን ያየሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። አልቸኮልኩም።

«እናቴ ይህን ጠይቃዎት ነበር?»

«ጠይቃኝ ነበር።»

«ሳትሰማ ሞተች» አለች። ለወቀሳ አልነበረም የተናገረችው። ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ቆይታ «የልጁ እናትስ?» አለች።

«አለች። በሩ ላይ ሱፍ የምትፈትለዋ ናት።»

ተነሳች። አንቀልባውን አስተካክላ ሕፃኑን አዘለችና ወጣች። የሠራሁት ትክክል ይሁን አይሁን ለመመዘን ሞከርኩ፤ ሚዛኑ አልቆም አለ። አንዷን ነግሬ ሌላዋን በዚያው በሩ ላይ፣ አደራዋን ማፍረሴን ሳታውቅ፣ ትቻታለሁ። አሁንም እንደዚያው ናት። ሁለቱን እናቶች አንድ ላይ የሚያሳርፍ ቃል ካነበብኩት ሁሉ ውስጥ አላገኘሁም።

ምትኬ በሩ ጋ ስትደርስ እትዬ ጥሩነሽ እንዝርቷን አስቀመጠች። አላወቀቻትም። አሮጊት ሁሉ እንደሚያደርገው ቀና ብላ የሕፃኑን እግር ያዘችና «የኔ ጌታ! ስሙን ማን አላችሁት?» አለች፤ ድምፅዋ እኔ ድረስ ተሰማ። ከማዶ ሕፃናቱ ክባቸውን ሠርተው ስማቸውን በዜማ መጥራት ጀምረዋል።

ምትኬ ወደ መስኮቴ ዞረች። ያ አስተያየት ነው፤ ጭቃው ላይ፣ ክቡ መሐል ቆማ ያየችኝ።

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

አፏ ሲከፈት አየሁ፤ የእትዬ ጥሩነሽም ከንፈር ተቀብሎ ሲደግመው አየሁ። ስሙን ግን የሕፃናቱ መዝሙር ዋጠው። አልሰማሁትም።